የጸዳለ ሳሩኽ

ጸዳለ ቤቷ ሲቃጠል እቤት አልነበረችም። ውሃ ልትቀዳ ጓንግ ወርዳ ነበር። በበጋ ወንዙ ሲነጥፍ ሴቶቹ አሸዋውን በእጃቸው እየጫሩ ነው ውሃ የሚያወጡት፤ ጊዜ ይፈጃል። እንስራዋን ሞልታ ቀና ስትል ከመንደሯ ከኮኪት በኩል ጭሱ ሰማዩን ሸፍኖታል። የጣሊያን ባንዶች እንግዳው የሚባለውን ባሏን ፍለጋ መጥተው ሲያጡት ጎጆውን ለኮሱት፤ ጎተራውንም ለኮሱት። እቤት ውስጥ የእንግዳው አክስት በወባ ተይዘው ተኝተው ነበር። እሳቱ ከበረደ በኋላ ሬሳውን ያወጡት ጎረቤቶች የማን እንደሆነ መለየት አልቻሉም። «የእንግዳው ሚስት» ብለው ቀበሩት።

እንግዳው ያን ጊዜ ጫካ ነበር። ጠመንጃህን አስረክብ ሲባል አሻፈረኝ ብሎ ከወጣ ዓመት አልፎታል። ወሬው ሲደርሰው ከጓደኞቹ ጋር ድንበሩን ተሻገረና እንግሊዞች ግዛት፣ ጋላባት ገባ። ጸዳለ ደግሞ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየተደበቀች መተማ ዮሐንስ ደረሰች። ከከተማው ወጣ ብለው ማሽላና ሰሊጥ የሚያርሱ እትዬ አሰበች የሚባሉ ባልቴት ነበሩ፤ የእህቴ ልጅ ናት ብለው አስጠጓት። ከሀገሬው ጥቂት ሰው ካልሆነ በስተቀር ማንነቷን የሚያውቅ የለም። የሽፍታ ሚስት መሆኗ ቢታወቅ የሚጠብቃትን ታውቀዋለች።

መተማንና ጋላባትን የሚለያቸው አንድ ደረቅ ፈፋ ነው። ወዲያ ማዶ ውሻ ሲጮህ ወዲህ ይሰማል። ጸዳለ ማሽላው ውስጥ ቆማ ከኮረብታው ላይ የሚወጣውን የምድጃ ጭስ ታያለች፤ ሰዎች ሲወጡና ሲወርዱ እንደ ጉንዳን ሆነው ይታዩዋታል። ከእነዚያ አንዱ እሱ ይሆናል። ኬላው ላይ ግን መትረየስ ተጠምዷል፤ ከፈፋው የወረደ ሰው ሳይጠየቅ ይተኮስበታል። ሀገር፣ ተራራና ባሕር ቢለያያቸው ይሻላት ነበር። ይህን ያህል ቀርቦ መራቅ ነው እንቅልፍ የነሳት።

የይለፍ ወረቀት ይዘው የሚመላለሱ ጥቂት ነጋዴዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ጨውና አቡጀዲ የሚነግደው ሷሊህ ነው፤ ከጣሊያን በፊት የእንግዳው ወዳጅ ነበር። በሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የክረምቱ ጭቃ ጠፈፍ ሲል፣ ግመሉን እየነዳ እትዬ አሰበች ማሳ ዳር ቆመ። ጸዳለ ከማማው ላይ ሆና ወፍ ትጠብቅ ነበር፤ ስታየው ዘላ ወረደች።

«ወላሂ አየሁት» አላት ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። «ራሱን ተላጭቷል። ላንቺ ነው የሚያዝነው።»

«እንዴት! አልነገርከውም?»

«ነገርኩት እንጂ። በሕይወት አለች፣ በዓይኔ አይቻታለሁ አልኩት። ፊቴን ትክ ብሎ አየና ‹ማን ላከህ?› አለኝ።»

ሷሊህ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። የሆነው ይህ ነው፦ ከጋላባት ስደተኞች መካከል ሚስትህ ትፈልግሃለች፣ ልጅህ ታሟል እየተባሉ ተጠርተው የተመለሱ ነበሩ። ኬላውን እንዳለፉ ተይዘው ገበያው መሀል ተሰቀሉ። አንዱ የእንግዳው የልብ ጓደኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንግዳው ከመተማ የሚመጣ ቃል አይሰማም።

«ቀለበቴን ብትወስድለትስ?» አለች ጸዳለ።

«ከሬሳ ጣት ያወለቁት ነው ይላል።»

«እኔና እሱ ብቻ የምናውቀውን ነገር ብነግርህስ?»

ሷሊህ ራሱን ነቀነቀ። «ሳይገድሏት በፊት አስለፍልፈዋት ነው ይላል። ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ልቡ ተዘግቷል። ሰው የሚያመጣለትን ነገር ሁሉ አያምንም።»

ጸዳለ ወደ ማማው ተመለሰች። ወፎቹ ማሽላውን ሲወርሩት ወንጭፏን አላነሳችም። የሞተች ሴት መሆን እንዲህ ነው ለካ፤ ብትጮህ አትሰማ፣ ቃል ብትልክ አይታመንላት።

ሰው የሚያመጣው ካልሆነ፣ ሰው ሳያመጣው በራሱ የሚሄድ ምን አለ? ይህን ስታወጣ ስታወርድ ነው ሳሩኹ ትዝ ያላት።

በተጋቡበት ዓመት፣ ጣሊያን ሳይመጣ፣ ጋላባት ገበያ ሄደው አምሽተው ነበር። እንግሊዞች የንጉሣቸውን በዓል እያከበሩ ነው። ከምሽጋቸው ላይ እሳት እየተተኮሰ ሰማይ ወጥቶ ይበተናል። እንግዳው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ሳሩኽ ነው» አላቸው ሷሊህ፤ «ባሩድ የሞላ ቀፎ ነው፤ ጅራት አለው።» እንግዳው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሩኽ ካልሠራሁ አለ። የጸዳለ አባት ውባንተ በዚያ ቆላ የታወቁ ባሩድ ቀማሚ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ሙያውን ያስተማሩት እሷን ነው። በአማቻቸው ነገር እየሳቁ ጥቂት ባሩድ ሰጧቸው። ባልና ሚስቱ ሽመል፣ የቆላውን ቀርከሃ፣ ቆርጠው፣ ባሩድ ጠቅጥቀው፣ ዘንግ አስረው ለኮሱት። የመጀመሪያው ትንሽ ከፍ አለና ዞሮ እንግዳውን እቤቱ ዙሪያ አባረረው። ሁለተኛው የጸዳለን ነጠላ አቃጠለ። ሌላውም ሌላውም እንደዚሁ፤ ቀጥ ብሎ የወጣ አንድ አልነበረም። እንግዳው በሆዱ ተኝቶ እስኪያለቅስ ይስቅ ነበር።

ይህን ሥራ በዚያ ሀገር ሌላ የሚሠራው የለም። ከመተማ ወገን እንዲህ ያለ እሳት ቢነሳ እንግዳው የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። የሞተ ሰው ደግሞ እጅ የለውም።

በማግስቱ ማለዳ እንጨት ለቀማ ብላ ኮኪት ሄደች። አባቷ ከመሞታቸው በፊት በማሰሮ አሽገው በረቱ ሥር የቀበሩት ባሩድ ነበር። ፍርስራሹ ላይ ሣር በቅሏል። ማሰሮውን ቆፍራ አወጣችና በጭራሮ ሸክም ውስጥ ሸሽጋ፣ በወታደሮቹ ፊት አቀርቅራ አልፋ አመጣችው። እርጥበት ገብቶት ነበር። ከእሳት አርቃ በጥላ አደረቀችው፤ አባቷ እንዳሳዩዋት በእንጨት እንጂ በብረት ሳትነካ ፈጨችው።

የመጀመሪያውን ሳሩኽ ለእትዬ አሰበች ሳትነግር ሠራች። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ ማሳው ጫፍ ላይ ተክላ ለኮሰችው። ሳሩኹ ፉጨት አሰምቶ ተነሳ፤ ከማሽላው ራስ በላይ እንደወጣ አፍንጫውን አዞረ፣ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደ፣ ከዚያም ታጭዶ ከቆመው የሰሊጥ ነዶ ክምር፣ ከሂላው ላይ ወደቀ። ሂላው ቦግ አለ። ጸዳለ ነዶውን በእጇ እየጎተተች፣ አፈር እየበተነች፣ እጇ እየተላጠ አጠፋችው። ቀና ስትል እትዬ አሰበች ቆመዋል።

«አንቺ ልጅ!» አሉ። «አስጠጋሁሽ እንጂ አቃጥዪኝ አልኩሽ? ነፋስ ቢኖር ኖሮ እኮ ማሳው፣ ቤቱ፣ መንደሩ ሁሉ ሄዶ ነበር!»

ጸዳለ እግራቸው ላይ ወደቀች። አልዋሸቻቸውም፤ ሷሊህ ያላትን፣ ባሏ በቁሟ እንደቀበራት፣ ሳሩኹ ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እትዬ አሰበች ከተቃጠለው ነዶ አጠገብ ተቀመጡ። 

«የኔን ባል በእጄ ገንዤ አፈር አልብሼዋለሁ» አሉ። «ሐዘኑ ይሄዳል፣ ይለመዳል። ያንቺ ግን ምኑ ይለመዳል? እሱም ያለቅሳል፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ የሞተ የለም።» የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ሥሪው። ግን ሳይለኮስ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ሳታሳዪኝ ክብሪት አትጭሪም።»

«ሳይለኮስ በምን ይታወቃል እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! አንቺ ፈልጊ።»

ፈለገች። ማማው ላይ ሆና ወንጭፏን ስታዞር ነው መላው የመጣላት። ሳሩኹን ከወንጭፉ ገመድ ጋር አስራ ብታዞረው፣ ነፋሱ እየመታው ወዴት እንደሚያይ ይታወቅ የለም? ባሩዱን አውጥታ በምትኩ ያንኑ የሚያህል አሸዋ ሞላችበት። ሳሩኹን በጣቷ ላይ አጋድማ ሳያዘነብል የሚቆምበትን ቦታ ፈለገችና እዚያ ላይ ገመዱን አሰረች። ከዚያ ከራሷ በላይ አዞረችው። ሳሩኹ ጅራቱን አስቀድሞ ሄደ። ደግማ ስታዞረው ተገለባበጠ።

«ይኸው እኮ ነው ጥፋቱ!» ብላ ጮኸች። «እትዬ፣ ኑ እዩት!»

ዘንጉ ወፍራም የሽመል ዘንግ ነበር። ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ሄዷል። ጦር ቢሆን ብረቱን ከኋላ አድርጎ የሚወረውር ማን አለ? ዘንጉን ጥላ ረጅም የማሽላ አገዳ አሰረችለት፤ ርዝመቱ ከሷ ቁመት አለፈ፣ ክብደቱ ግን እንደ ላባ ነው። አፍንጫው ውስጥ ከጓንግ ያመጣችውን ድቡልቡል ጠጠር በጭቃ አሽጋ ከተተች። አሁን ጣቷ ላይ ስታጋድመው ሚዛኑ ወደ ግንባሩ ቀረበ። ስታዞረው ቀጥ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን እንደ እንዝርት መሾር ጀመረ። የጅግራ ላባ ከጅራቱ ላይ አስራ ነበርና አንዱ ዘምሞ ተገኘ። ፈትታ እንደገና በሰም አጣበቀችው፤ ጭራሽ ወደ ሌላው ወገን ዘመመ። ያን ቀን ተናዳ ወረወረችው። በማግስቱ አንስታ ቀጠለች።

አንድ ቀን እትዬ አሰበች ከማጀት ወጥተው «ባሩዱ ሲያልቅ ግንባሩ አይቀልም?» ብለው ጠየቁ። ጸዳለ ይህን አላሰበችውም። አሸዋውን አፍስሳ ባዶውን ስታዞረው አፍንጫው ወደ ኋላ ሊያይ ቃጣው። ትልቅ ጠጠር ቀየረች፣ አገዳውን ትንሽ አስረዘመች። ከዚያ ወዲያ ሞልታም ባዶ አድርጋም ብታዞረው አፍንጫው ሁልጊዜ ከፊት ሆነ፤ የሮጠ ፈረስ ይመስል አንገቱን አስግጎ ነፋሱን ይቀዝፋል። እትዬ አሰበች አዩት፣ አዩት፤ «በቃ» አሉ።

ቀኑን የመረጠላቸው ጣሊያን ራሱ ነው። በጥቅምት የፓርቲያቸው በዓል ሲሆን ወታደሮቹ ከምሽጉ ላይ ባለቀለም እሳት ይተኩሳሉ። በዚያ መሀል አንድ ተጨማሪ ቢወጣ የሚጠይቅ አይኖርም። ሷሊህን ሌላ ነገር እንዳይናገር አስጠነቀቀችው፤ «በጣሊያኖቹ በዓል ፀሐይ ስትገባ ወደ እትዬ አሰበች ማሳ በኩል ይመልከት። ይህችን ብቻ በለው። ማየት አይጎዳውም።»

በዓሉ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሴቶች ማሳው ዳር ያለውን ሣር ነቅለው መሬቱን ገላለጡት። እንስራዎቹን ሞልተው ደረደሩ፤ ጆንያ አረጠቡ። ጸዳለ ቀጥ ያለ ሽመል ለሁለት ሰንጥቃ ሳሩኹ ተንሸራቶ እንዲወጣበት አቁማ ተከለችው፤ ትንሽ ወደ ፈፋው አዘነበለችው፣ ቢወድቅ ድንጋይ ላይ እንዲወድቅ እንጂ ጣራ ላይ እንዳይወድቅ። ነፋስ ነበር። ጠበቁ። ፀሐይ ከጋላባት ኮረብታ ጀርባ ስትገባ ነፋሱ ጸጥ አለ፤ ማሽላው መወዛወዙን ተወ። በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ከምሽጉ ቀይ እሳት ተተኮሰ፣ ከዚያ አረንጓዴ፤ እየተንሳፈፉ ወረዱ።

ጸዳለ በባሩድ ያሸችውን የጥጥ ክር ለኮሰችና ከእትዬ አሰበች ጋር ጉድጓድ ውስጥ ገባች።

ሳሩኹ እንደ እባብ ተነፈሰ፤ ከዚያ ወጣ። ወጣ፣ ወጣ፣ አልዞረም። ከማሽላው በላይ፣ ከዛፉ በላይ፣ ወታደሮቹ ከተኮሱት ሁሉ በላይ አንድ ቀጭን የወርቅ መስመር ሰማዩ ላይ አሰመረ። ከጫፉ ሲደርስ ለአፍታ የቆመ መሰለ፤ ከዚያ አፍንጫውን ደፋ አድርጎ በሰላም ፈፋው ውስጥ ወደቀና ጠፋ። ጸዳለ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ እንባዋ ነው የወረደው። መስመሩ እዚያ ደርሶ እሷ እዚህ ቀርታለች። በዚያች ቅጽበት ሳሩኹን ብትሆን ምን ነበረበት!

«አይቶት ይሆን?» አለች።

«ዓይን ካለው አይቶታል» አሉ እትዬ አሰበች፤ ጆንያውን ይዘው ፍንጣሪ እየፈለጉ።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሷሊህ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ገበያ ሄዶ ዘገየ። ጥቅምት አለቀ፣ ሰሊጡ ተራገፈ። ጸዳለ ከሥራዋ ቀና ባለች ቁጥር ኮረብታውን ታያለች። አላየም ይሆናል። አይቶ አላመነም ይሆናል። ወይ ከዚያ ሄዷል። በልቧ ከእሱ ጋር ትነጋገራለች፣ ትቆጣዋለች፣ ይቅር ትለዋለች፤ እንጀራ ስትቆርስ የሱን ድርሻ ታስባለች።

ኅዳር ላይ፣ ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሲሆን፣ አንድ ቀን ከብት ሲገባ፣ ከጋላባት ኮረብታ ጥግ እሳት ተነሳ። ትንሽ ወጣና ተንገዳገደ። ዞረ። እንደገና ዞረ። አንዴ ወደ ሰማይ፣ አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ መጣበት እየተጠማዘዘ ሄዶ ሣሩ ላይ ተዘረገፈ። ወዲያው የኮረብታው ወገብ ተቀጣጠለ፤ ሰዎች ቅጠል ይዘው ሲሯሯጡ፣ ሲጯጯሁ ድምፃቸው እስከ መተማ ተሰማ።

ጸዳለ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። እትዬ አሰበች እየሮጡ ወጡ።

«ምን ሆነሻል?»

«እሱ ነው!» አለች ጸዳለ፤ ሳቁና ልቅሶው ተቀላቅሎባት። «እሱ ነው እትዬ! ጅራቱን አሳጥሮታል! ድሮም እንዲያ ነው፣ ረዘም አድርገው ስለው አይሰማኝም!»

ሷሊህ ሲመለስ ሁሉን ነገራት። እንግዳው ሳሩኹን እንዳየ ተነስቶ ወደ ፈፋው ሮጧል፤ ጓደኞቹ ይዘው ባያስቀሩት ኬላው ላይ ያልቅ ነበር። ኮረብታውን ስላቃጠለ ደግሞ የእንግሊዝ ፖሊስ አስሮት ሰነበተ። «እስር ቤት ሆኖ ይዘፍናል» አላት ሷሊህ። «ጠባቂዎቹ አብዷል ብለዋል።»

ከዚያ ወዲያ ቃል ተላላኩ። ሷሊህ በመጣ ቁጥር ከዚያ ወገን «ጠብቂኝ» ይዞ ይመጣል፤ ከዚህ ወገን «እጠብቃለሁ» ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን ክረምቱ ሲገባ ጣሊያንና እንግሊዝ ተጣሉ። መድፍ ኮረብታውን ደበደበው፤ ጣሊያን ጋላባትን ያዘ። ስደተኛው ሁሉ ወደ ገዳሪፍ ሸሸ ተባለ። የሷሊህም ግመል ዳግም አልመጣም። ጸዳለና እትዬ አሰበች ከጥይቱ ሸሽተው ሽንፋ ወረዱ፤ እዚያ በሰው ቤት፣ በሰው ማሳ ከረሙ። የሞተም ሕያውም ወሬ የለም። ቀድሞ ኮረብታውን እያየች ትናፍቅ ነበር፤ አሁን የምታየው እንኳ አጣች።

ጥር ላይ ጣሊያን መተማን ለቆ ወጣ። ሴቶቹ ሲመለሱ የማሽላው ማሳ በአውሮፕላን ቦምብ ተቆፋፍሯል፣ ቤቱ ግን ጣራው ብቻ ነው የተነሳው። ጸዳለ ከጓንግ አሸዋ ውሃ ስትጭር የአርበኞች ሰልፍ ወንዙን መሻገር ጀመረ። ሰዎቹ ጠጉራቸው አድጓል፣ ከስተዋል፤ ፊት ለይቶ ማወቅ አይቻልም። እያንዳንዱን እያየች ስትቆም አንዱ ከሰልፉ ወጣ።

«ጸዳለ።»

ድምፁን ነው ያወቀችው። ፊቱ የሽማግሌ ፊት ሆኗል። እጇ አሸዋ ነው፤ ምን እንደምታደርገው አላወቀችም። እሱም ለመንካት እንደፈራ ሁሉ አጠገቧ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ጎንበስ አለና የጫረችውን ጉድጓድ ውሃ በመዳፉ ጠጣ፤ ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«ቀብሬሽ ነበር» አላት።

«ሰምቻለሁ።»

ከዚያ በላይ ጊዜ አላገኙም። ጭፍራው ወደ ጎንደር እየገሰገሰ ነው፤ የጎንደር ምሽግ ገና አልወደቀም። እስከ ወንዙ ዳገት ሸኘችው። «ቅር» ብትለው እንደሚቀር ከዓይኑ አየች፤ አላለችውም። ሰልፉ ከአቧራው ጋር እስኪጠፋ ቆመች፤ አሁን ደግሞ በምዕራብ ሳይሆን በምሥራቅ ናፈቀችው።

ክረምት አለፈ። ጸዳለ ዘራች፣ አረመች፣ አጨደች። ጎንደር ኅዳር ላይ ወደቀ ተባለ፤ የሄዱት አንዳንዶች ተመለሱ፣ አንዳንዶች ቀሩ። ታኅሣሥ ላይ ጎረቤቱ ተሰብስቦ የእትዬ አሰበችን ማሽላ አውድማ ላይ ይወቃ ነበር። ጸዳለ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ገለባውን ስትጠርግ አንድ ሰው ትንሽ እያነከሰ መጣና ጠመንጃውን ዛፍ ላይ አንጠለጠለ፤ ከመሬት ዱላ አነሳ። ከወቂዎቹ ተርታ ገብቶ ይወቃ ጀመር። እንግዳው ነበር። እትዬ አሰበች «እሰይ» ብለው ወደ ማጀት ገቡ።

ጸዳለ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። ሮጣ ልታቅፈው እንጂ ልትቆም አልነበረም ያሰበችው፣ ያን ሁሉ ዘመን።  ጎንበስ አለችና መጥረጓን ቀጠለች፤ ግን ከአውድማው ጫፍ ጀምራ ወደሱ ወደሱ ነበር የምትጠርገው። እህሉ አልቆ ሰዎቹ ምግብ ላይ ሲቀመጡ መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ስለ ጎንደር ይጠይቀዋል፣ እሱም ይመልሳል። እሷ የሚያወሩትን አልሰማችም። ትከሻዋን ወደ ትከሻው አስጠጋች፤ ላቡ፣ ሙቀቱ፣ አጥንቱ እዚያው ነበር። ገበታው እስኪነሳ ድረስ ትከሻዋን አላነሳችም።